መንኰራኵሩን ማን ይሸከመዋል?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ፣ በየጉባኤው የመክፈቻ ንግግር፣ በጋዜጣ ዓምድና በሬዲዮ ውይይት እየተደጋገመ የሚሰማ አንድ አባባል አለ። «መንኰራኵርን እንደገና መፈልሰፍ አያስፈልግም» ይላል። ተናጋሪው ሊል የፈለገው እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው፤ ሌላው ሠርቶ የጨረሰውን ከሀ ጀምሮ መድከም ከንቱ ነው ማለቱ ነው። እንግሊዞችና አሜሪካውያን ይህን ሲሉ ከልጅነታቸው የለመዱትን ነገር ነውና የሚናገሩት፣ መንኰራኵር የሚባል ነገር በአፋቸው ማለፉን እንኳ አያስተውሉትም። አማርኛ ተናጋሪው ግን ያስተውላል። ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ዳገት፣ ከባሕር ዛፉ ሥር የሚኖር፣ እንግሊዝኛ ያልተማረ፣ አማርኛውን ግን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ አረጋዊ ይህን አባባል በሬዲዮ ቢሰማ በዓይነ ልቡናው የሚሣልበት የጋሪ እግር አይደለም። የሚሣልበት ከምድር ተወንጭፎ ወደ ሰማይ የሚወጣው የጠፈር መንኰራኵር ነው። ስለዚህ «እነዚህ ሰዎች ከዚህ በፊት መንኰራኵር ሠርተው ኖሯል እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ነገሩ በዚህ ስፍራ ይበልጥ ያስቃል። አረጋዊው ቀና ቢል ከተራራው ሰንሰለት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ የኅዋ ምልከታ ማዕከል ቆሟል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ማዕከል እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ለመጠቀችው ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት የምድር ጣቢያ የተተከለላትም እዚያው እንጦጦ ላይ ነው። እንግዲህ ከተራራው ላይ የኅዋ ባለሙያዎች ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ሲመለከቱ እያደሩ፣ ከተራራው ሥር አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ «መንኰራኵር መፈልሰፍ አያስፈልግም» የሚል መግለጫ ቢያወጣ፣ ሰሚው ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የተጣሉ ቢመስለው ምን ይፈረድበታል?

የቃሉ ታሪክ ይህን አለመግባባት ያስረዳል። መንኰራኵር ከግዕዝ የተወረሰ ቃል ሲሆን ሥሩ መንከባለልን የሚያመለክተው «አንኰርኰረ» ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ በኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በመንገድ ላይ ሳይሆን በብራና ላይ ነው። አንደኛው ማደሪያው የነቢዩ የሕዝቅኤል ራእይ ነው፤ በዚያ ራእይ አንዱ መንኰራኵር በሌላው ውስጥ ሆኖ፣ ዓይን ሞልቶበት፣ ከአራቱ እንስሳ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው ማደሪያው ገድል ነው፤ ሰማዕቱ ጊዮርጊስ ከተሠቃየባቸው መሣሪያዎች አንዱ መንኰራኵር መሆኑን የገድሉ አንባቢዎች ያውቃሉ፤ ሠዓሊዎችም ሥለውታል። ስለዚህ በዚያ ትምህርት ላደገ ኢትዮጵያዊ መንኰራኵር ማለት ወይ የዙፋን አጃቢ ወይ የሥቃይ መሣሪያ ነበር፤ ጤፍ የሚጫንበት ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ሰው ወደ ጠፈር መውጣት በጀመረ ጊዜ ለዚያ አስገራሚ ዕቃ የአማርኛ ስም የፈለጉ ጸሐፊዎች ይህን ጥንታዊ ቃል አንሥተው መስጠታቸው ብልህነት ነበር። ወደ ላይ የሚወጣ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያስፈራ ነገር ነውና ስሙ ገጠመው፤ ቃሉም በዚያው ቀረ። አሁን አንድ ተርጓሚ መጥቶ ቃሉን ከጠፈር አውርዶ ከጋሪ ሥር ሊያስገባው ሲሞክር ቃሉ አሻፈረኝ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ማድረግ ይገባል። እንግሊዞች የተንኰልና የድብቅ አሠራር ውስብስብነትን ሲገልጹ «መንኰራኵር በመንኰራኵር ውስጥ» ይላሉ። አባባሉ ያው ከሕዝቅኤል የተወሰደ ነው። ነቢዩ የሰማይ ክብር ሆኖ ያየውን እነሱ የቤተ መንግሥትና የገበያ ሴራ አደረጉት፤ ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው። ነገር ግን የሕዝቅኤልን መጽሐፍ በግዕዝ ካነበቡ ከእንግሊዞች በፊት ከነበሩት አባቶች የተወለደ ጸሐፊ፣ የራሱን መጽሐፍ ከእንግሊዝ አፍ ተቀብሎ፣ ትርጉሙ ተለውጦ፣ እንደ አዲስ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ምን ይባላል? ለዚያውም አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር «ውስጠ ወይራ» የሚል፣ በአንድ እስትንፋስ የሚያልቅ ቃል እያለው! «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ለዚህ ነው።

ሌሎቹም ከዚህ አይሻሉም። ከማያስፈልግበት ቦታ የተገኘን ሰው «አምስተኛ ጎማ ሆነ» ማለት ከተጀመረ ሰንብቷል። በአውሮፓ አባባሉ የመጣው አራት እግር ካለው ሰረገላ ነው፤ አምስተኛው ትርፍ ነው፣ አይሠራም። ኢትዮጵያዊ ሹፌር ግን አምስተኛውን ጎማ እንዲህ አያየውም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ያለ ተቀያሪ ጎማ የሚነሣ ሰው ካለ ጤንነቱ ያጠራጥራል። ከጣርማ በር ማዶ በጨለማ ጎማ የፈነዳበት መንገደኛ በዚያች ሰዓት ከአራቱ ጎማዎች ይልቅ አምስተኛውን ይወዳል። ስለዚህ «አምስተኛ ጎማ» የተባለው ሰው ተሰድቦ ይሁን ተመስግኖ ለማወቅ እንግሊዝኛ መማር ሊኖርበት ነው። አማርኛው «ትርፍ አንጀት» ይላል፤ ማንም አይሳሳትም።

«የሚጮኸው ጎማ ቅባት ያገኛል» የሚለውም አለ። አቤት ያለ ይሰማለታል ለማለት ነው። ጎማ እንደማይቀባ፣ የሚቀባው ኩሽኔታ መሆኑን ከሾላ እስከ መገናኛ ባለ ማንኛውም ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ይናገራል፤ ተርጓሚው ግን ጋራዥ አልጠየቀም። አያቱንም አልጠየቀም። ጠይቆ ቢሆን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ትለው ነበር። በዚያ ምሳሌ ውስጥ ደጅ ጥናቱ፣ ሹመቱ፣ በአፍ ማጣት የቀረው ወንበር፣ መላው የአገሪቱ ታሪክ አለ። በጎማውና በቅባቱ ውስጥ ግን ማንም የለም።

ሥራውን ችላ ያለ ኃላፊ «መሪው ላይ ተኛ» ሲባልም ይሰማል። አማርኛ ለመኪናው መዘወሪያ የሰጠው ስም መሪ ነው፤ ለሕዝብ አለቃ የሰጠውም ስም መሪ ነው። አንዱ ስም ለሁለቱ መዋሉ የአማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ ትልቅ ጨዋታ ነው፤ «መሪ» ባለ ቁጥር መዘወሪያው አብሮ ይነሣል። እንግሊዝኛ በአንድ ሙሉ አባባል የሚደክምለትን አማርኛ በሁለት ፊደል ጨርሶታል። «መሪው ላይ ተኛ» የሚለውን የሰማ ግን ሰውየው በአለቃው ላይ የተጋደመ ቢመስለው አይገርምም።

የዕድል መንኰራኵርን ነገር በአጭሩ ማለፍ ይሻላል። ሮማውያን ዕድል የምትባል አምላክ ነበረቻቸው፤ መንኰራኵር ታዞራለች፣ ላይ ያለውን ታወርዳለች፣ ታች ያለውን ታወጣለች። አውሮፓ ይህን ሥዕል በመካከለኛው ዘመን ሁሉ በግድግዳና በመጽሐፍ ሲሥል ኖረ። አማርኛ አምላኪቱንም መንኰራኵሯንም አያውቅም፤ የሚያውቀው «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የሚለውን ነው። ይህን ምሳሌ ጥሎ ያንን የሚያነሣ ሰው ወርቁን ሸጦ ነሐስ የገዛ ነው።

እስካሁን የተነሡት የሚያስቁ ናቸው። የማያስቀው «የታሪክ መንኰራኵር» ነው።

ሥዕሉ ከአውሮፓ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ማርክስና ኤንግልስ ባሳተሙት የኮሙኒስት ማኒፌስቶ ውስጥ የታሪክን መንኰራኵር ወደ ኋላ ሊያዞሩ ስለሚሞክሩ ወገኖች ተነግሯል። በኢትዮጵያ ይህ አነጋገር ከተማሪዎች ንቅናቄ ጋር ብቅ ብሎ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በትርጉም ጽሑፎችና በመድረክ ንግግሮች እየተደጋገመ፣ ከመለመዱ የተነሣ የአማርኛ ተወላጅ መሰለ። አስተሳሰቡን መቀበል ወይም መንቀፍ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የሚታየው ሰዋስዉ ነው። አማርኛ ግሱን ሲናገር አድራጊውን ከግሱ አይለይም። «ወሰደ» ሲባል ወሳጁ አንድ ወንድ ነው፤ «ወሰደች» ሲባል አንዲት ሴት፤ «ወሰዱ» ሲባል ብዙ ሰዎች። ስም ባይጠራ እንኳ እጁ ከግሱ ጫፍ ላይ አለ። «የታሪክ መንኰራኵር ፈጫቸው» ሲባል ግን አድራጊው መንኰራኵሩ ሆነ። መንኰራኵር ደግሞ እጅ የለውም፣ ፊት የለውም፣ አይጠየቅም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቀበሌዎች ልጆቻቸው በሌሊት የተወሰዱባቸው እናቶች በሩን ያንኳኳው መንኰራኵር እንዳልነበረ ያውቁ ነበር። በሩን ያንኳኳው ሰው ነው፤ ያዘዘውም ሰው ነው፤ ስም ዝርዝሩን የጻፈውም ሰው ነው። ያንን ሁሉ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አውጥቶ በምትኩ አንድ የሚሽከረከር ነገር ለማስገባት የተዋሰው አነጋገር ምቹ ነበር።

ያ ዘመን ሲያልፍ መንኰራኵሩ አብሮ ማለፍ ነበረበት። አላለፈም። ስሙን ለወጠና «የልማት መንኰራኵር»፣ «የለውጥ መንኰራኵር»፣ «የኢኮኖሚው ሽክርክሪት» ተባለ። ሰዎች መሞታቸው ቀርቶ ቤታቸው መፍረሱ፣ ደመወዛቸው አለመድረሱ፣ ዕቅዱ በሪፖርት ብቻ መፈጸሙ በዚሁ ቋንቋ ይነገር ጀመር። ሲሆን «መንኰራኵሩ በፍጥነት እየተሽከረከረ ነው»፤ ሳይሆን ሲቀር «መንኰራኵሩ ተደናቀፈ»። ማን አሽከረከረው? ማንስ አደናቀፈው? ዐረፍተ ነገሩ አይመልስም፤ የተሠራውም እንዳይመልስ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪም ቢሆን በዚህ ሥዕል ጥፋትን መሸፈን ያውቅበታል፤ ነገር ግን እሱ ቢያንስ ከጋሪው ጋር የኖረ ስለሆነ ከጋሪው ላይ ነጂ እንደሚኖር አይረሳም። አማርኛ አንባቢ ዘንድ የደረሰው መንኰራኵር ግን ጋሪ የሌለው፣ ፈረስ የሌለው፣ ነጂ የሌለው፣ ብቻውን በአየር ላይ የሚዞር ነገር ነው።

አማርኛ ከዚህ የተሻለ ቋንቋ ያለው በአጋጣሚ አይደለም። ሸክም በሰው ጀርባ ላይ ሲወጣና ሲወርድ በኖረበት አገር ያደገ ቋንቋ ነው። ይህን ለማየት ከየካ ሚካኤል ሽቅብ ወደ ተራራው መውጣት ይበቃል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ተራራውን ከሸፈነው ወዲህ፣ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአዲስ አበባ ምድጃ የነደደው ከእንጦጦና ከየካ በሴቶች ጀርባ በወረደ እንጨትና ቅጠል ነው። ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ጭራሮ ጀርባቸው ላይ በገመድ ጠፍረው፣ ወገባቸው ተቆልምሞ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ ይወርዱ ነበር። ከፊታቸው አህዮች፣ ከጎናቸው መኪናዎች ያልፋሉ። መንኰራኵር በዚያ ዳገት ላይ ለእነሱ አልደረሰም። የማን ሸክም እንደሆነ ግን ከሩቅ ይታያል፤ ጀርባ ላይ ነውና ሊደበቅ አይችልም።

በተራራው ጎን ዓለት ተፈልፍሎ የተሠራው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ድንጋዩና አፈሩ የወጣው በእጅና በጀርባ ነው። በጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አስፋልቱን ሞልቶ፣ መኪናው ሁሉ ቆሞ፣ ታቦቱ የሚሄደው በቄስ ራስ ላይ ነው። ከዚያው ተራራ ግርጌ በምዕራብ በኩል የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች እንስራና ጀበና ሲያበጁ በሚዞር ገበታ ላይ ሳይሆን ጭቃውን በእጃቸው እየዞሩት ነው። ይህን ኋላ ቀርነት ነው ብሎ የሚያፍር ካለ ይፈር፤ እዚህ የተነሣው የቋንቋ ነገር ነው። ቋንቋ የሚሠራው ሰው ከሚነካው ነገር ነው።

መንኰራኵር በመጣ ጊዜም ቢሆን ከሰው ትከሻ አልተለየም። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ ሠረገላ ነበረው። ሠረገላው ብቻውን አልሄደም። ገደል ተንዶ መንገድ ተጠርጎለት፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየጐተቱት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ፣ ወራት ፈጅቶ ደረሰ። ያን ጉዞ ያየ ሰው «መንኰራኵሩ ተሽከረከረ» አይልም፤ «ሰው ጐተተው» ይላል።

ስለዚህ አማርኛ ሥራን፣ ኃላፊነትንና በደልን የሚለካው በሸክም ነው። ኃላፊነት ይሸከሙታል፤ ዕዳ ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ ግብር ይጫናል፤ ችግር ይከብዳል፤ ወዳጅ ሸክም ያቀልላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌ ስለ ኅብረት ሥራ ከተጻፉት ወፍራም መጻሕፍት ብዙዎቹን ያስንቃል። ምክንያቱም ሎሚውን ብቻ ሳይሆን ተሸካሚዎቹንም ይቈጥራል። እዚህ ቋንቋ ውስጥ ሸክም ካለ ተሸካሚ አለ፤ ተሸካሚ ካለም የጫነበት ይጠየቃል።

መዞርንም አማርኛ አጥቶት አያውቅም። ጐበዝ ሠራተኛ «እንደ እንዝርት ይሾራል» ይባላል። ፈታይቷ ከጭኗ ላይ ሸርተት አድርጋ የለቀቀቻት እንዝርት ስትሾር ያላየ ሰው ይህ ንጽጽር ምን ያህል ፍጥነትና ቅልጥፍና እንዳለው አይገባውም፤ ከእንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ገብቶ የሚሸጠውን ነጠላ የዳሰሰ ግን የእንዝርቷን ሥራ በእጁ ይዟታል። ነገር የሚያንዛዛ ሰው «ዙሪያ ጥምጥም» ይሄዳል፤ ጥምጥሙ ከካህኑ ራስ የመጣ ነው። የነገሩ መጨረሻ ሲነገር «ዞሮ ዞሮ» ይባላል፤ «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት»። አውድማ ላይ በሬዎቹ ይዞራሉ፤ ከእግራቸው ሥርም እህሉ ከገለባው ይለያል። ይህ ሁሉ ክብ ነው። መንኰራኵር ግን አይደለም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎች አንድ ክርክር ያነሣሉ፤ ክርክሩም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ቋንቋ ያድጋል፣ ይበደራል፣ ካልተበደረ ይሞታል ይላሉ። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሆነው ድርጅት ቃላት ሲፈጥርና ሲያደላድል የኖረው ለምንድን ነው? «ርዕዮተ ዓለም» ሲባል ማን ሳቀ? ተሽከርካሪ የሚለውስ ቃል የሰው ሥራ አይደለምን? ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ቃል መበደርና አባባል ቃል በቃል መገልበጥ አንድ አይደሉም። ቃል ከዕቃው ጋር ይመጣል፤ ዕቃው ያስረዳዋል። አባባል ግን ያለ ዕቃው፣ ያለ መንገዱ፣ ያለ ሰዎቹ ሲመጣ የሚያስረዳለት የለም።

ሕዝቡ መበደር እንደማይፈራ ማየት የሚሻ መንገድ ላይ ይውጣ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ወደ አዲስ አበባ ባስመጣ ጊዜ ሕዝቡ ወዲያው «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ስም አወጣለት። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ገባች፤ የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከዚያም ከጣሊያን አፍ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ ተለቀሙ። ማንም አላፈረባቸውም። ከሁሉ የሚደንቀው ግን መንኰራኵሩ ራሱ ያገኘው ስም ነው፤ ሹፌሩና ረዳቱ «እግር» አሉት። የፊት እግር፣ የኋላ እግር። ዛሬ በየካ ዳገቶች ሽቅብ ቁልቁል የምትለው ባጃጅ በመንግሥት ደብዳቤ ላይ እንኳ «ባለ ሦስት እግር» ናት። መሐንዲስ የሠራውን ክብ ነገር ይህ ሕዝብ አይቶ፣ መዝኖ፣ ከአህያና ከበቅሎ ጋር አንድ ላይ አሰለፈው። መበደር ይህ ነው። ተበዳሪው ጌታ ሆኖ ሲበደር እንዲህ ይሆናል።

ከዚያ ጋራዥና ከዚያ መንገድ አባባሎች ተወልደዋል፤ ተርጓሚ ያልነካቸው። አፉን የማይቈጣጠር ሰው ፍሬን የለውም። ተስፋ የቈረጠ ጎማው ተንፍሷል። ከገባው ቃል የሚሸሽ የኋላ ማርሽ አስገብቷል። አትሌት ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ፣ በመጨረሻው ዙር ያን ተፈናጥሮ የመውጣት ችሎታውን ለመግለጽ የጠፋ ቃል አልነበረም፤ «ማርሽ ቀያሪው» ተባለ፤ እስከ ሕልፈቱም በዚያው ተጠራ። ይህን ስም ማንም አካዳሚ አላወጣውም። ልብ መባል ያለበትም ይህ ነው፤ በዚህ ሁሉ አባባል ውስጥ ሰው አለ። ማርሹን የሚቀይረው ሰው ነው። የኋላ ማርሽ ያስገባውም ሰው ነው። «የታሪክ መንኰራኵር ወደ ኋላ ዞረ» የሚለውን ትቶ «የኋላ ማርሽ አስገቡ» የሚል ጋዜጠኛ ወዲያው «እነማን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱንም ማወቅ ይኖርበታል። ምናልባትም የተተረጐመው አባባል የሚወደደው ይህን ጥያቄ ስለሚያስቀር ይሆናል።

ሁሉም የተዋሱ አባባሎች ይጣሉ የሚል የለም። «ጋሪው ከፈረሱ ቀደመ» በአውሮፓ ቋንቋዎች ውስጥ ያለ ነው፤ በአማርኛም ግን እግሩን ተክሏል። በናዝሬት፣ በደብረ ዘይት፣ በባሕር ዳር የፈረስ ጋሪ ያላየ፣ በጋሪ ያልሄደ ማን አለ? ጋሪው ከፈረሱ ቢቀድም ምን እንደሚሆን ሕፃን ያውቃል። ከገባም በኋላ ፈረሱን ከሚያከብር ሕዝብ መካከል ነው የገባው፤ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ከሚለው አጠገብ ተቀምጦ አያሳፍርም። ለዚህ ዓይነቱ እንግዳ ማንም በሩን አይዘጋም።

አንድ ግን የቀረ አለ፤ ሊታለፍም አይገባም። እንግሊዞች የሌላውን ሥራ ያሰናከለን ሰው በመንኰራኵሩ ውስጥ እንጨት ከተተ ይሉታል። ይህም ወደ አማርኛ ገብቶ «በልማቱ መንኰራኵር ሥር ድንጋይ የሚወሽቁ» የሚል የውግዘት ቃል ሆኗል። በየስብሰባው ይነገራል፤ ጥያቄ ያነሣ ነዋሪ፣ ሒሳቡ ይታይ ያለ ሠራተኛ ይህን ስም ያገኛል። አሁን ደግሞ ወደ ተራራው እንመለስ ቢባል፣ ከከተማው ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ጭነት የከበደው መኪና መሐል ላይ ጉልበት አንሶት ሲቆም፣ ፍሬኑም ሲያጠራጥር፣ መጀመሪያ ዘሎ የሚወርደው ረዳቱ ነው። በእጁ ድንጋይ አለ፤ ለዚሁ ተብሎ ከመኪናው ላይ የማይጠፋ ድንጋይ ነው። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ሮጦ ከኋላው እግር ሥር ይወሽቀዋል። መኪናው ይቆማል። ያን ረዳት አደናቃፊ ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ፣ ከጭነቱ ላይ ተቀምጠው ገደሉን ቁልቁል ሲያዩ የነበሩትን ሰዎች ወርዶ ይጠይቅ።